የእናት አንገት ወደ ደምበጫ ሲሄድ

እስቲ ጠጋ በይ ሽታዬ፤ ዘንቢሉን ከእግርሽ ሥር አድርጊው። እንዲያ… ተመስገን፣ ረዳቱ በሩን ዘጋ፤ ሞላ ማለት ነው። አየሽ ማርቆስ ዛሬ እንዴት ያለ ፀሐይ እንደወጣላት? ትናንት ያ ሁሉ ብርድ የት ገባ? ለበርበሬ ገበያ የተመቸ ቀን ነው። የደምበጫ በርበሬ ዘንድሮ በጣም ቀይ ነው ይላሉ። ፊት ያቀላል አሉ። የአንዳንድ ሰው ፊት ግን ምን ዓይነት በርበሬ ያቀላው ይሆን?… ኧረ ስለማንም አይደለም፣ ለጨዋታ ነው።

የልጄ የመቅደላዊት ሠርግ እንግዲህ የዛሬ ሳምንት ነው። ድንኳኑ ተነግሯል፣ ጠላው ተጠንስሷል። የቀረኝ በርበሬና ቅመም ብቻ ነው። ሌላም የቀረኝ ነገር አለ፤ እሱ ግን ገበያ አይሸጥም… ወይስ ይሸጣል? ደምበጫ ዛሬ የማይሸጥ ነገር አለ ብለሽ ነው?

ጋቢና የተቀመጡትን ሰው ኮት አየሽው? አይ፣ ምንም፤ ንጣቱ አማረኝና ነው። አንድ ነጠብጣብ የለበትም። ንጹሕ ሰው ደስ ይለኛል። እጃቸውንም እያቸው፣ ኪሳቸውን እንዴት ደገፍ አድርገው እንደያዙት። ሰው ንብረቱን እንዲህ ነው መያዝ።

መንገዱ ረጅም ነው፤ ጨዋታ ላጫውትሽ። የሩቅ አገር ጨዋታ ነው፣ የይጁቤ። የማንንም ስም አልጠራም። ስም ካልተጠራ ሐሜት አይባልም ብለውኛል የንስሐ አባቴ… አላሉኝም ይሆናል፤ ግን ሊሉኝ እንደፈለጉ ከፊታቸው አውቄዋለሁ። ድምፄን ከፍ ያደረግሁት ለሞተሩ ነው። ኋላ ሰው ሁሉ «ሥራነሽ አፏ አያርፍም» እንዳይል።

ይጁቤ ላይ አንድ ትልቅ ሰው አሉ አሉ። ሥራቸውን አልነግርሽም፤ ሰዓት ያድሳሉ ብልሽ ማን እንደሆኑ ወዲያው ታውቂያለሽ። ስለዚህ ጫማ ይጠግናሉ እንበል። እኒህ ጫማ ጠጋኝ ታዲያ ዓይናቸው ላይ አጉሊ መነጽር ሰክተው፣ በወረንጦ ነው ጫማ የሚጠግኑት። ጥንቁቅ ናቸው!

ድሮ እኮ ሊቅ ነበሩ። የጥንት ብር ሐኪም። ሰው ከየአገሩ ጠገራ ብር ይዞ ይመጣላቸዋል፤ እሳቸው ድንጋይ ላይ ጣል ያደርጉታል። ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፁን ይሰማሉ። «ብር ነው» ካሉ ብር ነው። «እርሳስ አለበት» ካሉ አለበት። ከዚያ ብሩ ላይ የተቀረጸችውን ንግሥት ትከሻ ያያሉ፤ ዘለበቷ ላይ ያሉትን ፈርጦች አንድ በአንድ በጥፍራቸው ይቆጥራሉ፤ አንዱ ከጎደለ አይቀበሉም። ከዚያ ገልብጠው ባለ ሁለት ራሱን አሞራ ያያሉ። ሁለት ራስ ያለው ነገር ድሮም ይወዳሉ… ግርማ አለው ብለው ነው።

ያኔ አንድ ብር ለመመርመር ስንት ጣጣ ነበረው! የገረመሽ ነገር ካለ ሽማግሌ ትጠይቂያለሽ። ሽማግሌው ካላወቀ ደብር ሄደሽ መሪጌታ ትጠይቂያለሽ። መሪጌታው «አስቤበት ልንገርሽ» ይሉሻል፤ እስኪያስቡበት ክረምት ይገባል። ሁለት ሽማግሌዎች «የአፄ ዮሐንስ ዘመን ነው»፣ «አይደለም፣ ከዚያ በፊት ነው» ተባብለው ሁለት ፋሲካ ተኳርፈው ከርመዋል። ደግ ዘመን ነበር። ብሩ ቢያንስ ባለቤቱ እጅ ነበር የሚከርመው።

አሁን ኢንተርኔት መጣ። እሰየው ነው እኮ! ድንጋይ አያስፈልግም፣ ጆሮ አያስፈልግም፣ ሽማግሌ አያስፈልግም… ሌላም የማያስፈልግ ነገር ነበረ፣ ስሙ ጠፋኝ። ሰው ከሰው ጋር ሲኖር ወገቡ ላይ የሚታጠቀው… ምን ነበር የሚባለው? ይሉ… ይሉኝ… ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግድ የለም፣ ይመጣልኛል።

እኒህ ሰውም ትልቅ ስልክ ገዙ። ፎቶ ያነሳሉ፣ ስልኩ «ይህ እንትን ነው» ይላቸዋል። እንዴት ያለ ብርሃን ነው! ከዚያ ወዲያ ክብ ነገር አላመለጣቸውም። የቢራ ቆርኪ አነሱ። የአክስታቸውን የካፖርት ቁልፍ አነሱ፤ ስልኩ «የሮም ንጉሥ» አለ። ሮጠው ቁልፉን በምላጭ ቆረጡት። አክስትዬው ያን ክረምት ካፖርታቸውን በእጃቸው ጨምድደው እየያዙ ቤተ ክርስቲያን ሳሙ፤ ብርድ መታቸው። የሮም ንጉሥ ግን እስካሁን በጥጥ ተጠቅልሎ ሞቆት ተቀምጧል።

የጉንደ ወይኑን ገበሬ ሰማሽ? ማረሻው ያወጣው ክብ ብረት ነው ብሎ አንድ ነገር ይዞላቸው መጣ። መሃሉ ቀዳዳ ነው። ስልኩ አየና «የቻይና ጥንታዊ ገንዘብ፣ ሺህ ዓመት ያለፈው» አለ። እሳቸውም ቆመው እጅ ነሱት። ብረቱን እኮ ነው፣ ገበሬውን አይደለም። ለካ የልጁ ባጃጅ የጎማ ማሰሪያ ሮንዴላ ነው! ባጃጁ የህንድ ነው፤ ህንድና ቻይና ጎረቤት ናቸው፤ ታዲያ ስልኩ ምን ያህል ተሳሳተ? ገበሬው ሮንዴላዋን ሳጥን ውስጥ ቆለፈባት። ባጃጁስ? ጉንደ ወይን መግቢያ ላይ ጎማው ብቻውን ቀድሞ ከተማ ገባ፣ ባጃጁ ከኋላ እየተጎተተ ደረሰ።

ምነው ሹፌሩ መስታወቱን ወደኛ አዞረው? መንገዱን ይይ እንጂ ልጄ፤ እኛ ጨዋታ ላይ ነን።

እዚያው ይጁቤ ደግሞ አንዲት ሴት አለች። ባሏ የሞተባት፣ ምስኪን፣ አፏ ትንሽ ፈጠን የሚል። መልከ መልካም ናት ይላሉ… ምን ያስቅሻል? ይላሉ ነው ያልሁሽ። ይቺ ሴት ልጅ ልትድር ነው። ያላት ቅርስ አንድ ጠገራ ብር፣ የእናቷ። እናትየው ማተባቸው ላይ አስረውት አርባ ዓመት ከአንገታቸው አልወረደም። ጭስ ጠጥቶ፣ ቅቤ ጠጥቶ፣ ላብ ጠጥቶ ጠቁሯል። ሊሞቱ ሲሉ «ማተቤ ከኔ ጋር ይውረድ፣ ብሩን ግን ለልጅ ልጄ» አሉ። እናቴ ካረፉ በኋላ… እናቷ፣ እናቷ ማለቴ ነው፤ መንገዱ ሲያንገጫግጭ ምላስም አብሮ ይዘላል። እናቷ ካረፉ በኋላ ቋጠሮው አልፈታ አለ። ሴትዮዋ በምላጭ ቆረጠችው። ማተቡ መቃብር ወረደ፤ ይችን የምታክል ጥቁር ክር ግን ብሩ ቀዳዳ ውስጥ ቀረች። ያችን ክር ማንም ነክቷት አያውቅም። ሴትዮዋ ሲከፋት አውጥታ ታሸታታለች፤ እናቷን ትሸታለቻ።

ታዲያ ለሠርጉ ሐብል ይሁን ብላ፣ ማንጠልጠያ ይበየድበት ብላ፣ ለማን ትስጠው? ለእኒሁ ሰው ነዋ! የባሏ የልብ ወዳጅ እኮ ናቸው። ባሏ የሞተ ዕለት «አይዞሽ፣ እኔ አለሁ» ያሉ እሳቸው። በሠርጉ ቀን በአባት ወንበር ተቀምጠው ልጅቷን የሚመርቁት እሳቸው። ከሳቸው በላይ ማንን ትመን?

ድንጋይ ላይ ጣል አደረጉት? አላደረጉም። ጆሯቸው ሥራ ከፈታ ቆይቷል። ፈርጡን ቆጠሩ? አልቆጠሩም። ስልካቸውን አወጡ። ፎቶ… ንባብ… ከዚያ ፊታቸውን እንደ ለቅሶ ቤት አደረጉት። «እህቴ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ኢንተርኔቱ ዳግም የተመታ ነው ይላል። ቆርቆሮ ማለት ነው። ልጅቷን በሰው ፊት አታሳፍሪያት። ግድ የለም፣ አንች አትልፊ፤ እኔ እጥልልሻለሁ።»

እኔ እጥልልሻለሁ! ደግነት እንዲህ ነው ሽታዬ። የሰው ቆሻሻ ተቀብሎ የሚጥል ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል?

ሴትዮዋ መንገድ ለመንገድ እያለቀሰች ገባች። እናቷ አርባ ዓመት ቆርቆሮ ታቅፈው ኖሩ ማለት ነዋ። ቤቷ ስትደርስ የእናቷን ፎቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው። ለናቷ አፍራ ነው። የናቷን ፎቶ! ሁለት ወር ሙሉ የእናቷን ጀርባ ስታይ ከረመች።

ልጅቷ ግን የዛሬ ልጅ ናት፤ ስልክ አላት። የሠርግ ሐብል ስትፈልግ ቴሌግራም ላይ «የጥንት ገንዘብ ወዳጆች መድረክ» ውስጥ ገባች። ምን ብታይ ጥሩ ነው? የአያቷን ብር! ጥቁር፣ ከንግሥቲቱ ራስ በላይ የተበሳ፣ ቀዳዳው ውስጥ ያችው ክር። ከሥሩ «እጅግ ብርቅ፣ የ1780፣ በዓለም ላይ አንድ ብቻ» ይላል። የለጠፈው ሰው «የቅርስ አባት» ነው የሚባል። የተጣለው ቆርቆሮ በእግሩ ሄዶ ቴሌግራም ገባ ማለት ነው! ከብሩ ጎን ደግሞ ጠረጴዛው ላይ አንድ የተፈታታ ሰዓት… ጫማ፤ የተፈታታ ጫማ ይታያል።

መረብ ነዋ ኢንተርኔት። በይነ መረብ ይሉት የለ? አንዳንዱ ዓሣ ሊያጠምድበት ይገባና ራሱ ተጠምዶ ይቀራል።

ልጅቷ አላቆመችም፤ እያነበበች ለእናቷ ታስረዳለች። ለካ ይቺ ንግሥት የሞተችው በ1780 ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ጠገራ ብር ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዞ ነው የሚወጣ። ዛሬ ጠዋት ቢመታም 1780 ነው! «ዳግም የተመታ» ማለት ቆርቆሮ ማለት አይደለም፤ ብር ነው። በዓለም ላይ አንድ ብቻ የተባለው ደግሞ ቢሰበሰብ የማርቆስን መንገድ ያነጥፋል። ይህን ለማወቅ ሦስት መስመር ዝቅ ብሎ ማንበብ ይበቃ ነበር። ሊቅ ግን ዝቅ አይልም፤ ከላይ ያለችውን አንድ መስመር ይዞ ይነሳል።

ገዥ ሲጠፋ ምን አደረጉ መሰለሽ? ይሄን ስሚ! «1780 የፈረንጅ ነው፤ እኛ የራሳችን አቆጣጠር አለን» ብለው ስምንት ዓመት ቀነሱለት። 1772! ያንኑ ብር ሌላ ፎቶ አንስተው «ከ1780ው የሚቀድም፣ እስከዛሬ ያልታየ» ብለው እንደገና ለጠፉት። አገር ወዳድነት ይሏል እንዲህ ነው። አንድ ሰው እንኳ «ጋሼ፣ ብሩ ላይ 1780 ተጽፎ ይታያል እኮ» ቢላቸው «እሱ የትየባ ስህተት ነው» አሉ።

ለጋቢናው ሰው መስኮት ክፈቱላቸው እንጂ፤ ላብ አጠመቃቸው። ነጭ ኮት ላብ አይወድም።

የፈረንጁን ሳልነግርሽ። አንድ ፈረንጅ እዚያው መድረክ ላይ «ምንድን ነው የምትሸጠው?» አለ። እሳቸው «የእናት የአንገት ብር» ብለው ጻፉ። ስልኩ ነው እንግዲህ አስተርጓሚው። ለፈረንጁ ምን ብሎ ነገረው? «የእናት አንገት፣ በብር።» ፈረንጁ ደነገጠ። «የማን እናት?» አለ። እሳቸው «የወዳጄ ሚስት እናት፤ አርባ ዓመት የቆየ» አሉ። «ሴትዮዋ ሞተዋል?» አለ። «አዎ፣ ግን በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው ያለው» አሉ። «ራሱም አብሮ ነው?» አለ። «ራሱ በደንብ ይታያል፤ አፍንጫው ብቻ ትንሽ ተበልቷል።» ፈረንጁ ለፖሊስ እናገራለሁ ብሎ ከመድረኩ ወጣ!

ይጁቤ ሙሉ ሳቀ። «አስተርጓሚው ተሳሳተ» እያለ። ያቺ ሴት ግን አልሳቀችም። ተሳስቷል እንዴ? አንድ ነፍስ የሌለው ማሽን፣ ያልቆረበ፣ ያልተጠመቀ፣ ነገሩን ሁሉ አወቀው። የእናት አንገት፣ በብር። ከዚህ ላይ ምን ይጨመራል፣ ምን ይቀነሳል?

በመጨረሻ አንድ ገዥ ተገኘ አሉ። «ቅዳሜ ገበያ ደምበጫ ላይ ብሩን ይዘው ይምጡ» አላቸው። እሳቸውም «የጠዋቱ መኪና ላይ ነኝ» ብለው መለሱ፤ ሁሉም አንብቦታል። ዛሬ ቅዳሜ ነው እንዴ ሽታዬ? ቀኑ እንዴት ይሮጣል! ከይጁቤ ሲመጡ እንግዲህ በማርቆስ በኩል ነው፤ ማን ያውቃል፣ እንደኛው ሚኒባስ ተሳፍረው ይሆናል።

አማኑኤል ደረስን። እዚህ የሚወርድ አለ?… የለም። ከጋቢናም አልወረዱም። እንቀጥል።

እና ያቺ ሴት ምን አሰበች መሰለሽ? ልትከስ? አይደለም። ጣቢያ ሄዳ የባሏን ወዳጅ ስም ልታስጽፍ? ባሏ መቃብር ውስጥ ይገላበጣል። ልጅቷ «እናቴ፣ ተይው፣ ያለ ሐብል እዳራለሁ» ብላታለች። ሴትዮዋ ግን አልተወችም። ብሩን አይደለም የፈለገች፤ ብር ገበያ ሞልቷል። ክሯን ነው። ያችን ጥፍር የማታክል ክር። በልጅቷ አንገት ላይ የእናቷ አንገት እንዲውል ነው። እሷን መልሰው ቢሰጧት በአባት ወንበር ታስቀምጣቸዋለች፤ ጉርሻ ታጎርሳቸዋለች፤ ለማንም አትናገርም… ከዚህ መኪና ውጪ ማለቴ ነው።

ደግሞ አንድ የሚያጽናናት ነገር አለ። ልጅቷ እንዳነበበችው የጥንት ብር አይታጠብም። ጥቁረቱ ነው ዕድሜው። የታጠበውን የሚያውቅ ሰው አይገዛውም አሉ። እኒህ ሰው ሊቅ ስለሆኑ አያጥቡትም። ሌላው ቢቀር ለራሳቸው ብለው አያጥቡትም። ስለዚህ ክሯ አለች። ከአማኑኤል ደምበጫ ደግሞ ለማሰብ ይበቃል፤ ሰው እጁን ኪሱ ውስጥ ለመክተት ስንት ደቂቃ ይፈልጋል?

አሁን መጣልኝ ስሙ! ይሉኝታ! ቅድም የጠፋኝ። እስቲ ስልክ ያለው ሰው ፈልጉት፤ ይወጣ ይሆን?

ሬዲዮኑን ማን ዘጋው?

ምንድን ነው ሽታዬ? ሒሳብ ነው? እኛ እኮ ከፍለናል። ከጋቢና ነው የመጣ?… አሳልፉት፣ አሳልፉት ልጆቼ። እርስዎም አባቴ፣ ያሳልፉት፤ እጅዎ ይባረክ። ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ነው። ለማን ነው ተባለ? «ለጨዋታ አዋቂዋ»? እኔ ነኛ። እስቲ ስጪኝ።

ይከብዳል።

…

ነጭ ነው።

ሽታዬ፣ እንዴት ያበራል… ንግሥቲቱ ጥርስ ልታወጣ ደርሳለች። ቀዳዳውን እይልኝ፣ የኔ ዓይን ደከመ። ወደ መስኮቱ አዙሪው። ክሯ የለችም? ደግመሽ እይው። በመርፌ ነው ወግተው ያወጧት፤ በሎሚና በአመድ ነው የፈተጉት፤ ጠርዙ ላይ አመዱ አለ። ለገዥው እንዲያምር ብለው ነው። ማታ ሠርተውት ይሆናል፣ ለዛሬ።

እስቲ ላሽተው… ሎሚ ሎሚ ይላል። እናቴ እንዲህ አትሸትም ነበር።

እናቴ ነው ያልሁት። አዎ። መንገዱ አላንገጫገጨኝም።

ኧረ አላለቀስሁም፣ በርበሬው ነው… ገና አልገዛንም እንዴ? እንግዲያው አቧራ ነው። መስኮቱን ዝጉት። ብሩን ለመቅደላዊት አስርላታለሁ፤ ብር ነው፣ ቆርቆሮ አይደለም፤ ዛሬ ገብቼ የናቴን ፎቶ ወደ ሰው አዞረዋለሁ። ይሄን ያህልስ አግኝቻለሁ።

አመስግኖ መለያየት ደግ ነው። አንተ ረዳት፣ ሒሳብ እንደምታሳልፈው ምርቃት አሳልፍልኝ፤ ከእጅ ወደ እጅ እስከ ጋቢና ይድረስ። ለይጁቤው ሰው ነው፤ ያገኛቸው ያድርስልኝ። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣቸው፤ ስምንት ዓመት ይጨምርላቸው እንጂ አይቀንስባቸው። ጆሯቸውን ይመልስላቸው። የዛሬ ሳምንት ያንን ነጭ ኮት ለብሰው በአባት ወንበር ያስቀምጥልኝ፤ ልጄን ይመርቁልኝ፤ አንገቷንም ቀና ብለው ይዩልኝ። ልጆቻቸው ይውደዷቸው። ጠግበው፣ ሸምግለው ሲያርፉ ደግሞ ልጆቻቸው የአባታቸውን ማስታወሻ ልክ እንደዚህ ይያዙላቸው፤ በሎሚ አሽተው፣ በአመድ ፈትገው፣ አጥበው፣ አንጥተው፣ አንዲት ክር ሳያስቀሩ። አሜን በይ እንጂ ሽታዬ።